ውል ያልቃል፤ መርዝ አያልቅም፦ በአዋሽ ሸለቆ ምሳሌነት ስለ አደገኛ ቆሻሻ የመንግሥት ውሎች የቀረበ ትችት

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላል ያገራችን ሰው። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከጊንጪ አቅራቢያ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ዓባይ የያዘውን ግንድ ለሌላ አገር ያስረክባል፤ አዋሽ የተሸከመውን ሁሉ እቤቱ ያስቀምጣል። በአዋሽ ሰባት ኪሎ ከውኃው የገባ ነገር በዱብቲና በአሳይታ በኩል ወርዶ ከሐይቁ ይደርስ እንደሆነ እንጂ፣ ወደ ባሕር የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ወንዙ ለመጻፍ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንግሥት አደገኛ ነገርን ለማስወገድ ወይም ለማስቀመጥ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል የሚመራባቸውን ደንቦች መመርመርና፣ ጉድለታቸው ነው ብዬ የማምነውን ማመልከት ነው። ጊዜውም ግድ ይላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሩሲያ ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈራርመዋል። ማመንጫ ካለ ያገለገለ ነዳጅ አለ፤ ያገለገለ ነዳጅ ካለም ማከማቻ ያስፈልገዋል። ማከማቻውን ማን ያስተዳድረዋል? በምን ዓይነት ውል? እስከ መቼ? እነዚህ ጥያቄዎች ከመሠረቱ ድንጋይ በፊት መልስ ሊያገኙ ይገባል። እኛ ደግሞ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ፈተና ቀደም ብሎ ደርሶብናል። ይኸውም የተባይ መድኃኒት ክምችት ነው።

እንደሚታወቀው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በመሆን በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ ከዚያም በመካከለኛው አዋሽ በመልካ ሰዲና በአሚባራ እርሻው ተስፋፋ። የአፋር ከብት አርቢ በበጋ የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ግጦሽ የጥጥ ማሳ ሆነ። ጥጥ ደግሞ ያለ ተባይ አይበቅልም። ጓይ ትልና ሌሎችም ተባዮች ሲበረቱ መድኃኒቱ በበርሜል እየተገዛ መጣ፤ በአውሮፕላንም ተረጨ። በ1967 ዓ.ም. እርሻዎቹ የመንግሥት ንብረት ሲሆኑ የባለቤትነቱ ስም ተለወጠ፤ የመድኃኒቱ ግዢ ግን ቀጠለ።

መድኃኒት የምንለው ቃል ራሱ አሳሳች ነው። ይህ መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍበት ተራ ብላሽ ዕቃ አይሆንም፤ መርዝነቱን እንደያዘ ይቆያል። ዲዲቲን የመሰለው በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ክምችቱ የመጣበትም ምክንያት ምሥጢር አይደለም። ተባዩ ከመምጣቱ በፊት በበጀት ዓመቱ መጠን ይገዛል፤ ተባዩ ሳይመጣ ይቀራል። አንበጣ ሲነሣ ዕርዳታ ይጎርፋል፤ ዕርዳታው ሲደርስ አንበጣው ሄዷል። በቈላው ሙቀት በርሜሉ ይዝጋል፣ ጽሑፉ ይላጣል፤ በመጨረሻም ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቼ በገዋኔና በሚሌ አድርጌ እስከ ሰመራ በተጓዝኩ ጊዜ፣ ቀድሞ የአንድ እርሻ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበሩ ሽማግሌ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ያ ሁሉ አሮጌ መድኃኒት ለምን ዝም ተብሎ ተቀመጠ?» ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በሞዴል 19 የገባ ዕቃ በሞዴል 22 ካልወጣ እኔም ከዚያ ቤት አልወጣም ነበር። መድኃኒቱ ቢሸትም በመዝገብ ላይ ንብረት ነው። ብጥለው ዕዳ ነው፤ ባስቀምጠው ግን ማንም አይጠይቀኝም።» ከዚያ ብዙም ሳልርቅ አንዲት ልጅ ከቦይ ውኃ ስትቀዳ አየሁ። የያዘችው ጄሪካን የራስ ቅል ምልክቱ ግማሹ ተፍቆ ግማሹ ይታይ ነበር። እኚህ አባትና ይህች ልጅ የነገሩኝን ከዚህ በታች በሕግ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሕጋችን ያለውን መልካም ነገር መመስከር ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3131 ጀምሮ ስለ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ውሎች ለብቻው ይደነግጋል። መንግሥት እንደ ማንኛውም ነጋዴ እንዳልሆነ ተገንዝቦ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲል ውሉን እንዲለውጥ ወይም እንዲያቋርጥ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ተዋዋዩም ስለ ጉዳቱ ካሣ እንዲያገኝ ያደርጋል። ስለ ግዢ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 430/1997፣ ቀጥሎም አዋጅ ቁጥር 649/2001 ወጡ፤ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ተተካ። አደገኛ ቆሻሻን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010፣ ጨረራን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1025/2009 አሉ። ስለዚህ ጉድለቱ የሕግ እጥረት ነው ማለት አይቻልም። ጉድለቱ የግዢው ሕግ ስለ መርዝ፣ የመርዙም ሕግ ስለ ግዢ በበቂ አለመነጋገራቸው ነው።

የግዢ ሥርዓታችን የሚሄድበት መንገድ ይታወቃል። ጨረታ ይወጣል፤ የጨረታ ማስከበሪያ ይያዛል፤ መሥፈርቱን አሟልቶ በዋጋ ያነሰው ያሸንፋል፤ የውል ማስከበሪያ ዋስትና ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ርክክብ ይደረጋል፤ ዋስትናው ይመለሳል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ይህ አካሄድ ለወንበር፣ ለመኪናና ለመንገድ ተስማሚ ነው፤ ገንዘብ እንዳይባክንም ይረዳል። በመርዝ ላይ ሲውል ግን ሦስት ጉድለት ይታይበታል።

አንደኛው የጊዜ ጉድለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ደኅንነት አሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ይህ ለሕንፃ ረዥም ነው። ነገር ግን ፕሉቶኒየም 239 የተባለው ንጥረ ነገር ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ብቻ ወደ 24,000 ዓመት ይፈጅበታል። አሥር ዓመት ዋስ የሆነ ተቋራጭ የዚህን ማከማቻ ቁልፍ መልሶ ሲሄድ፣ ሥራው ገና መጀመሩ ነው።

ሁለተኛው የዋጋ ጉድለት ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ የሚነጻጸረው የመግዣ ዋጋ ነው፤ የማስወገጃው ዋጋ ተደምሮ ካልቀረበ ርካሹ መድኃኒት ኋላ እጅግ ውድ ይሆናል። ባዶውን በርሜል ማን እንደሚመልሰው ውሉ ካልተናገረ በርሜሉ በገበያ ዋጋ ያገኛል፤ ከቦይ ዳር ያየኋት ልጅ ጄሪካንም የዚህ ውጤት ነው።

ሦስተኛው የባለቤት ጉድለት ነው። ገዢው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ተጠቃሚው ሌላ፣ ተቆጣጣሪው ሦስተኛ ይሆናል። በመጨረሻ ሁሉም እንደ ጲላጦስ እጁን ሲታጠብ፣ ኃላፊነቱ በሕግ ሳይሆን በአጋጣሚ ከአንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ክምችቱ ሊጸዳ የተሞከረበት መንገድ ይህን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፣ በውጭ መንግሥታት ዕርዳታ፣ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 1,500 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ከመላ አገሪቱ ተሰብስቦ ወደ ፊንላንድ ተላከ። ኤኮኬም የተባለው የዚያ አገር ኩባንያ በሪሂማኪ ከተማ በከፍተኛ ሙቀት እንዲያቃጥለው ተዋውሎ ነበር። መርዝ ወሰን ሲሻገር ደግሞ ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የተቀበለችው የባዝል ስምምነት ይሠራል። ይህ ስምምነት በላኪውና በአስወጋጁ መካከል ውል መኖሩ እንዲረጋገጥ፣ የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ አስቀድመው እንዲፈቅዱ፣ ሥራው ካልተፈጸመ ጭነቱ ወደ መጣበት እንዲመለስ፣ አስወጋጁም መርዙ መወገዱን እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ልብ ይሏል፦ እዚህ ላይ ውሉ የሚያልቀው ዕቃው ሲረከብ ሳይሆን መርዙ ሲጠፋ ነው።

እንግዲህ የሚያስገርመው ይህ ነው። በርሜሉ ከአገር ሲወጣ በየደረጃው የሚከታተለው ሕግ አለ፤ ያው በርሜል በአንድ የቈላ መጋዘን ሲቀመጥ ግን ለብዙ ዓመታት የተከታተለው የዕቃ መዝገብ ብቻ ነበር። ለፊንላንድ ሰው ጤንነት የተጠነቀቀውን ያህል ውል ለአፋር ሰው ጤንነት አልተጻፈም። ይህን ስል የፊንላንድን ሕዝብ ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሳችንን ለመጠየቅ እንጂ።

በሀብት ከእኛ የሚበልጡትም ቢሆኑ ነገሩ አልቀናቸውም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሳንቲማቸውን አንድ አሥረኛ ሲከፍሉ፣ መንግሥት ያገለገለውን ነዳጅ ከጥር 31 ቀን 1998 ጀምሮ ሊረከብ ተዋዋለ። በኔቫዳ የዩካ ተራራም ተመረጠ፤ ሥራውን የሚያስተዳድር ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ1991 ተሾመ። ወደ 15 ቢሊዮን ዶላር ከወጣ በኋላ ግን ሥራው እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ቆመ። ነዳጁ በየማመንጫው ቀረ፤ ፍርድ ቤቶችም መንግሥት ውል አፍርሷል ብለው ስለ ወሰኑ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ተከፍሏል። መንግሥት ያልተዘጋጀለትን ቀን በውል መጻፉ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

በኒው ሜክሲኮ በጨው ውስጥ በተቈፈረው ማከማቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 አንድ በርሜል ፈነዳ። ምክንያቱም በሎስ አላሞስ ሲታሸግ፣ እርጥበት መምጠጫው ከማዕድን በተሠራው የድመት አሸዋ ፋንታ ከእህል የተሠራው ስለ ተጨመረበት ነው። ማከማቻው ወደ ሦስት ዓመት ያህል አዲስ በርሜል ሳይቀበል ቆየ። እንዲህ ባለው የማስተዳደርና የማካሄድ ውል መንግሥት የተቋራጩን ወጪ ይሸፍናል፤ በላዩም እንደ ሥራው ጥራት አበል ይከፍላል። የሎስ አላሞሱ ተቋራጭ የዓመት አበሉ አብዛኛው ተቀነሰበት። የጽዳቱ ወጪ ግን በመንግሥት ላይ ወደቀ። ከዚህ የምንማረው ቅጣት መልካም ቢሆንም፣ ተቋራጩ የሚያጣው ትርፉን፣ ሕዝቡ የሚያጣው ግን ምድሩን መሆኑን ነው።

የተሻለ ምሳሌ የምናገኘው መርዛችንን ካቃጠለችልን ከፊንላንድ ነው። በዚያ አገር በ1987ቱ የኒውክሌር ሕግ መሠረት ቆሻሻውን ያመጣ ኩባንያ ማስወገጃውን ያዘጋጃል፤ ወጪውንም ከወዲሁ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ላለ ልዩ ገንዘብ ያስገባል። ማከማቻው በሚገባ ተዘግቶ ሲረጋገጥ ኃላፊነቱ ወደ መንግሥት ይተላለፋል። እንግዲህ ከውሉ በፊት ገንዘቡ፣ ከውሉም በኋላ ባለቤቱ ታውቋል ማለት ነው።

ምናልባት «እኛ ድኾች ነን፤ ይህን ሁሉ ግዴታ በውል ብንጽፍ ዋጋው ይወደዳል፣ ተጫራችም ይሸሻል» የሚል ይኖራል። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዋጋው በውሉ ውስጥ ባይጻፍም መከፈሉ አልቀረም። የተባይ መድኃኒቱ ማስወገጃ በቶን በሺህ የሚቈጠር ዶላር አስወጥቷል፤ የከፈሉትም ለጋሾች ናቸው። ለኒውክሌር ቆሻሻ እንዲህ ያለ ለጋሽ እናገኛለን ብሎ መተማመን ብልህነት አይመስለኝም። ግዴታውን ሰምቶ የሚሸሽ ተጫራች ደግሞ ቢሸሽ ይሻላል፤ ቀድሞውንም መርዙን ትቶልን ሊሄድ ያሰበ ነበርና።

በዚህ መሠረት ለሚመለከታቸው ሁሉ አራት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አደገኛ ነገር የሚገዛበት ማንኛውም ውል የሚወገድበትንም መንገድና ዋጋ አብሮ ይያዝ፤ ባዶ ዕቃውንም አቅራቢው ይመልስ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው ርክክብ በዕቃው መድረስ ሳይሆን በመርዙ መወገድ ወይም በተመደበለት ጠባቂ እጅ መግባት ይለካ። ሦስተኛ፣ ለጥበቃው የሚሆነው ገንዘብ ከበጀት ዓመት ውጪ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። አራተኛ፣ ማከማቻ በሚታሰብበት ስፍራ ያለ ሕዝብ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፤ በአፋር ምድር ከሆነ በአፋርኛ ማለት ነው። የጥጥ እርሻው ሲመጣ የአፋር አርቢ ስለ ውሉ የሰማው ግጦሹ ከታረሰ በኋላ ነበር።

ጽሑፌን ስደመድም ወደ ሽማግሌው ቃል እመለሳለሁ። እርሳቸው የተገባውን ያህል ሕግ አክብረዋል፤ በሞዴል 19 የገባውን ያለ ሞዴል 22 አላወጡም። ጥፋቱ ሞዴል 22 ለመርዝ መውጫ በር ሳይሠራለት መቅረቱ ነው። ነገ የምንገባው ውል ከዚህ የረቀቀ ምሁራዊ ቋንቋ ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ያው የግምጃ ቤቱ ነው፦ ይህ የሚገባው ነገር በየት በኩል ይወጣል? የማይወጣ ከሆነስ ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?