ከይሁዳ ኮረብቶች ሥር

በእስራኤል ካለችው ከኪርያት ጋት ከተማ በስተምሥራቅ የሚታዩት የይሁዳ ኮረብቶች ታሪካቸው ያለው ከመሬት በታች ነው። ከ80 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ምድሪቱ ከጎን ስትገፋ፣ ቀድሞ በስንጥቆች ላይ ወደ ታች ተንሸራትተው የነበሩ የድንጋይ ክፍሎች ወደ ላይ ተመለሱ፤ ድንጋዩም ታጠፈ። እጥፋቱ ከሲና እስከ ሶርያ ይዘልቃል።

ይህን ሳይቆፍሩ ማየት እንዴት ያስደንቃል! ከባድ መኪና መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ በሹል ጫፋቸው አፈር ውስጥ የተሰኩ ጂኦፎኖች ከጥልቁ የሚመለሰውን ሞገድ ይመዘግባሉ። ግራቪሜትር ደግሞ ከምድር ስበት አንድ ሚሊዮነኛ የማይሞላውን ለውጥ ይለያል፤ ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ወደ ገጽ በቀረበበት ስበቱ ይበረታል። ሞገዱ ቅርጹን፣ ስበቱ ክብደቱን ይናገራል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ነው የሚታመነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ እንዲሁ በሞገድና በስበት ልኬት አጥንተዋል። እዚያ ምድሪቱ ትለጠጣለች እንጂ አትታጠፍም።