ስለ ጭን አጥንት አንገት ስብራት የጋርደን አከፋፈል ሲመረመር

በእንግሊዝ አገር በፕሬስተን ይሠሩ የነበሩት የአጥንት ሐኪም ሮበርት ጋርደን በ1961 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጭን አጥንት አንገት ስብራት ያሳተሙት ጥናት ዋና ዓላማው፥ ብሎን በየትኛው ማዕዘን ቢገባ የተሰበረውን አጥንት ይዞ እንደሚቆይ ማስረዳት ነበር። ይሁን እንጂ ዘመን የተሻገረው ስለ ብሎኑ የተናገሩት ሳይሆን ስብራቱን በአራት ደረጃ የከፈሉበት ክፍል ነው። ዛሬም የሕክምና ተማሪ በቃሉ ያጠናዋል። እኛ ግን አከፋፈሉ የተጫነበትን ሸክም ሁሉ የሚችል አይመስለንም።

አንደኛው ደረጃ ያልተሟላ ስብራት፥ ሁለተኛው ሙሉ ሆኖ ከቦታው ያልተንቀሳቀሰ፥ ሦስተኛው በከፊል የተንቀሳቀሰ፥ አራተኛው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ጋርደን ለመለያ የወሰዱት በራጅ ሥዕል ላይ በአጥንቱ ውስጥ የሚታዩትን ቀጫጭን መስመሮች ነው። በሦስተኛው ደረጃ የአጥንቱ ራስ ከአንገቱ ጋር ገና እንደተያያዘ ስለሚዞር መስመሮቹ ከዳሌው መስመሮች ጋር አይገጥሙም፤ በአራተኛው ግን ራሱ ፈጽሞ ስለተላቀቀ ወደ ቀድሞ አቀማመጡ ይመለስና መስመሮቹ ይገጥማሉ። የከፋው ስብራት ከቀለለው ይልቅ ራሱን ቀና አድርጎ ያሳያል ማለት ነው። ይህን ማስተዋል የታላቅ ዓይን ሥራ ነውና ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ዋነኞቹ ሥሮች አንገቱን ተጠግተው ስለሚወጡ ስብራቱ ሲንሸራተት ሊበጠሱ ይችላሉ፤ ደም ያጣ ራስም ብሎኑ የቱንም ያህል በደንብ ቢገባ ውሎ አድሮ ሊሞትና ሊፈርስ ይችላል። በወጣት ላይ ራሱን ለማዳን ይሞከራል። በዕድሜ በገፋ በሽተኛ ላይ ግን ደረጃው አንድ ወይም ሁለት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በብሎን ይያዛል፤ ሦስት ወይም አራት ከሆነ የገዛ አጥንቱ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካለታል። እንግዲህ በሁለትና በሦስት መካከል የተሰመረችው መስመር አንዲት አሮጊት በገዛ አጥንቷ መሄድ አለመሄዷን ትወስናለች።

ታዲያ መስመሪቱን ሁሉም በአንድ ቦታ ያያታልን? በ1988 በታተመ ምርመራ ስምንት ተመልካቾች 100 ስብራቶችን በጋርደን ደረጃ ለየብቻ ቢመድቡ፥ ስምንቱም የተስማሙት በ22ቱ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የመለኪያው ሳይሆን የተመልካቾቹ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የለመዱ ዓይኖች ሊስማሙበት ያልቻሉት መለኪያ ለጀማሪ ሐኪም ምን ይረዳዋል? አራቱ ወደ ሁለት፥ ማለትም ወደ ተንቀሳቀሰና ወዳልተንቀሳቀሰ፥ ሲጠቃለሉ ስምምነቱ እንደሚሻሻል ሌሎች ምርመራዎች አሳይተዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። አከፋፈሉ የቆመው ከፊት በተነሣው ሥዕል ላይ ነው። ከፊት ሲያዩት ያልተንቀሳቀሰ የመሰለ ራስ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል። በ2009 የወጣ የዴንማርክ ጥናት አንድና ሁለት ከተባሉት ስብራቶች መካከል ወደ ኋላ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያዘነበሉት እንደገና ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋቸው እጅግ አብልጦ መሆኑን አሳይቷል።

ስለ ብሎን ዓይነት ብዙ ቀለም ፈስሷል። በ2017 የታተመው በ1,108 በሽተኞች ላይ የተደረገ ፈተና ግን ተንሸራታቹን ብሎን ከተራዎቹ ብሎኖች ጋር ቢያወዳድር፥ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው 20 እና 22 በመቶ ሆኑ፤ ይህም የሚያበላልጥ ልዩነት አይደለም። እንግዲያስ የትኛው ብሎን ይግባ ከማለት ይልቅ ለማን ይግባ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ምርመራ ይገባዋል። ለዚህም በሽተኛው መዝገብ ላይ «ደረጃ ሁለት» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም ከጎን የተነሣው ሥዕል ስንት ዲግሪ እንዳሳየ በአጠገቡ ቢጽፍ መልካም ነው።