ሮማን ያዳነው ማን ነው?

ሰው ሲስቅ ልቡን ከፍቶ ይቀመጣልና፥ በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርት በቁጣ ከሚሰጠው ይልቅ ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ የሚያስቅ ፊልም እንኳ ቢሆን መመርመር ይገባዋል።

በ1955 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፥ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ «ጁፒተርስ ዳርሊንግ» የተሰኘ ባለዘፈን ፊልም አወጣ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ የካርታጎው የጦር አለቃ ሃኒባል ሮማን ሊያጠፋ ሲመጣ፥ ለፋቢዩስ ማክሲሙስ የታጨችው አሚቲስ እርሱን ለማየት ጓጉታ ወደ ሰፈሩ ትሄዳለች፤ እርሱም በፍቅሯ ተይዞ ከተማይቱን ይተዋል።

መልካሙን ሳይናገሩ ማለፍ ግፍ ነው። ኤስተር ዊሊያምስ በውሃ ውስጥ ስትዋኝ፥ ሐውልቶችም ነፍስ ዘርተው ሲያጅቧት ማየት ደስ ያሰኛል፤ የሃዋርድ ኪል ድምፅም ያማረ ነው።

ነገር ግን ፊልሙ የተቀዳበት የሮበርት ሸርውድ ቴአትር (1927) ከሳቁ በታች ከባድ ጥያቄ ነበረው። ሸርውድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ የቆሰለ ሰው ነበርና፥ ያ ሁሉ ደም ለምን እንደሚፈስ ድል አድራጊውን በሴቲቱ አንደበት ጠየቀው። በፊልሙ ግን ይህ ጥያቄ በዘፈንና በዋና መካከል ሰጠመ።

የሚብሰው ጉዳት ግን በፋቢዩስ ላይ የደረሰው ነው። ፊልሙ መሳቂያ እጮኛ አደረገው። እውነተኛው ፋቢዩስ በ217 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሥልጣን ሲይዝ፥ ሃኒባልን በሜዳ መግጠም ጥፋት መሆኑን ዐውቆ፥ በተራራ በተራራ እየተከተለ ስንቅ ፈላጊዎቹን ያስጨንቅ ነበር። የገዛ ወገኖቹም «አዘግዪው» እያሉ ዘበቱበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ምክሩን የናቁት በዓመቱ ካኔ ላይ ገጠሙ፤ ሊቪዩስ እንደ ጻፈው በአንድ ቀን ከ45,000 በላይ ሮማውያን ዐለቁ። ከዚያ በኋላ ወደ ፋቢዩስ መንገድ ተመለሱ። በ211 ሃኒባል እስከ ሮማ በር ደርሶ የተመለሰውም ቅጥሩ ጽኑ፥ ሕዝቡም የማይደነግጥ ሆኖ ስላገኘው እንጂ ስለ ቆንጆ ፊት አይደለም።

«ተረት ነው፥ ምን ያስቈጣል?» የሚል ይኖራል። ተረት መሆኑ አይከፋም፤ ክፋቱ ትዕግሥትን ከሞኝነት ጋራ ማስቈጠሩ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ በሲኒማ ቤት ሳቁ፤ ነገር ግን ስትወጡ የተሳቀበት ሰው ማን እንደ ነበረና መሳቂያ መሆን ይገባው እንደ ሆነ ጠይቁ።