ውዳሴ ለያዡ ብረት፣ ለመጣጯ ጥጥ

ሰላም ለኪ ዐማራት! ሰላም ለኪ የካርቱም እልፍኝ፣ አውሮፕላን ማረፊያውን በምሥራቅ ተንተርሰሽ የተዘረጋሽ፣ ጎዳናዎችሽን በቁጥር የምትጠሪ! ስንቱ የጎንደርና የወሎ ልጅ በመተማ ወርዶ በጥላሽ ሥር እንጀራውን ቈረሰ፤ ስንቷ እኅት የሰው ቤት እያቀናች ለእናቷ ብር ላከች! ዛሬ በስምሽ የማቀርበው ውዳሴ ለሹምም ለባለጠጋም አይደለም። ለሁለት ትሑታን ነው፦ በኦፕራሲዮን ጊዜ ሆድ ዕቃን ገለል አድርጎ ለሚይዘው ሪትራክተርና ደሙን ለምትመጥጠው ጎዝ። የምላጭ ስም ገናና ነው፤ መርፌና ክርም አመስጋኝ አላጡም። እነዚህን ሁለቱን ግን በሽተኛው ሰመመን ላይ ሳለ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉና አያውቃቸውም። ድኖ ሲወጣ የሚስመው የሐኪሙን እጅ ነው።

ጎዝ ሆይ፣ ካንቺ ልነሣ፤ ትውልድሽ ከትውልዳችን ይዛመዳልና። ከሰከላ ፈልቆ፣ ጣናን ሰንጥቆ፣ የጎጃምን ገደል ዞሮ የሚወርደው ዓባይ ካርቱም ሳይደርስ ሰናር ላይ ይገደባል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1925 ሲያልቅ የገዚራ ሜዳ ጠጣ፤ ጥጡም ለላንክሻየር ፈታዮች ተረፈ። ያን ሜዳ ያለበሰውን አፈር ከደጋችን አጥቦ ያወረደው ይኸው ወንዝ ነው። ዳሩ ግን ጥጥ ከማሳ እንደ ተለቀመ ውሃ አይቀበልም፤ የተፈጥሮ ሰም ለብሷልና ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። በአልካሊ ተቀቅሎ ሰሙ ሲወጣ ነው ወርቁ የሚገኝ። የበርሚንግሃሙ ሰርጅን ሳምፕሰን ጋምጂ እ.ኤ.አ. በ1880 እንዲህ የነጻውን ጥጥ በጎዝ ሸፍኖ ለቁስል አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ደምና መግል የሚያድሩበት ማደሪያ አገኙ።

አንተስ ብረት ሆይ፣ የዘር ሐረግህ ምንኛ ረጅም ነው! ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ ምድር የኖረው አቡልቃሲም አልዛህራዊ የሠላሳ ክፍል መጽሐፉን ሲደመድም የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል አኖረ፤ ሥጋን ስበው የሚይዙትንም መንጠቆዎች አልዘነጋም። ላንገንቤክ ከበርሊን፣ ዲቨር ከፊላደልፊያ ስማቸውን አወረሱህ። የማዮ ክሊኒኩ ዶናልድ ባልፎር ደግሞ ራስህን ችለህ እንድትቆም አደረገህ፤ ሁለት ክንዶችህ የሆድን ግድግዳ ግራና ቀኝ ሲገፉ ሦስተኛው ምላስህ ፊኛን ወደ ታች ይይዛል፤ የማንንም እጅ አትለምንም።

ባልፎር በማይሆንበት ቦታ ግን ያዡ ሰው ነው። ኢንተርኑን እዩት! ዲቨር ጨብጦ ጉበት ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ከቆመበት ቁስሉ አይታየው፤ አፍንጫውን ቢበላው ማከክ አይችል፤ የሚሰማው «ሳብ አድርግ! እንደሱ! አትነቃነቅ!» ብቻ። ክንዱ ሲዝል ብረቱ ይጫናል፣ ጉበት ደግሞ ጉልበት አይወድም። ስለዚህ ከብረቱ ሥር እርጥብ ጎዝ ይነጠፋል፤ ሁለቱ ወዳጆች የሚገናኙት እዚህ ነው። ሰርጅን ሁሉ፣ ዛሬ ስሙ የሚያስፈራውም ጭምር፣ ሙያውን የጀመረው እንዲህ የሌላውን ሥራ ይዞ በመቆም ነው።

ከዐማራት ወደ ደቡብ ቢወርዱ፣ በዓባይ ዳር፣ ጥንት የክርስቲያኑ የአልዋ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ሶባ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣሊያ ድርጅት የሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማእከልን እዚያ ከፈተ፤ ሕክምናውን በነጻ አደረገው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚያበላሸው ሪዩማቲክ የልብ በሽታ ያደከማቸው ወጣቶች፣ ከሱዳንም ከጎረቤት አገርም፣ ደረታቸውን ሰጡት። የደረት አጥንት በመጋዝ ከተከፈለ በኋላ የቦነስ አይረሱ ኤንሪኬ ፊኖኬቶ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያወጣው ዓይነት መሣሪያ ይገባል። አንዱ ክንዱ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ይሄዳል፤ እጀታው ሲዞር በጥቂት በጥቂቱ ይከፍታል፤ ጥርሱ ስለሚነክሰው ወደ ኋላ አይመለስም። የሚያዞረው እጅ አይቸኩልም፤ ቢቸኩል አጥንት ይሰበራል። ቀስ እያለ ሲከፈት ልብ በከረጢቱ ውስጥ ስትመታ ትታያለች። እንዲህ ያለ በር ከፋች ማን ነው!

ማወደሴ ግን ኃጢአት አያስረሳኝም። አሜሪካዊው ሰርጅን ማሪዮን ሲምስ ስሙን የሰጠው ስፔኩለም፣ የሴትን ብልት ገለጥ አድርጎ የሚይዘው ብረት፣ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ፣ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ የተባሉ በባርነት የተያዙ ሴቶች ምጥ ያመጣባቸው ፊስቱላ ይጠገን ተብሎ ያለ ማደንዘዣ ደጋግመው ከተቀደዱበት ጠረጴዛ ላይ ነው። በኒው ዮርክ የቆመው ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሣ፤ ደግ ተደረገ። ብረቱ ግን ሌላ እጅ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የገቡት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ታካሚ ሆና የመጣችው ማሚቱ ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ያልገባች የገጠር ልጅ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ በመርዳት ጀምራ ራሷ የምትጠግን ሰርጅን ሆነች። አናርካ ያልተጠየቀችውን ፈቃድ እዚህ የጠየቀች፣ የታማሚዋን ሕመም በራሷ ሥጋ የምታውቅ እጅ ስትይዘው ያ ብረት ካሰ እላለሁ።

ወደ አንቺ ልመለስ፣ ጎዝ ሆይ። ለሆድ ፓክ ሆነሽ ስትሰናጂ በብዙ ድርብ ታጥፈሽ፣ ጠርዝሽ ተሰፍቶ፣ ከማዕዘንሽ ጭራ ወጥቶልሽ ትቀርቢያለሽ። በሽመናሽ መሐል አንድ ሰማያዊ ክር ይሄዳል፤ ባሪየም ያለበት ነውና በራጅ ይታያል። ለብ ባለ ሳላይን ተነክረሽ፣ ተጨምቀሽ፣ አንጀትን ወደ ላይ ሰብስበሽ ታቅፊያለሽ፤ እንዲደርቅም አትፈቅጂም። ደም ስትጠግቢ ትመዘኛለሽ፤ አንድ ግራም ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ይጠጋልና ሰመመን ሰጪው ስንት ደም እንደ ፈሰሰ ካንቺ ይረዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ቆጠራሽ ነው። ሲስተሯ ኦፕራሲዮኑ ከመጀመሩ በፊት አምስት አምስት አድርጋ ትቆጥርሻለች፤ ሆድ ሳይዘጋ ትደግማለች፤ ከተዘጋ በኋላ ትሠልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የኦፕራሲዮን ደኅንነት መቆጣጠሪያም ታካሚው ከክፍሉ ሳይወጣ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ እንዲነገር ያዝዛል። «አንድ ይጎድላል» ካለች ፕሮፌሰሩም ክሩን አስቀምጦ ይፈልጋል። በዚያ ክፍል ከዚህ ቃል በላይ ሥልጣን የለም።

ከዚያም ሚያዝያ መጣ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤትሽ የሆነው ዐማራት ሆይ፣ ጎዳናዎችሽ ሰው አልባ ሆኑ፤ ሐበሻውም በመጣበት በመተማ ተመለሰ። በደቡብ ካርቱም ድንበር የለሽ ሐኪሞች በበሻይር ሆስፒታል ቁስለኛን በቀዶ ያክሙ ነበር፤ በቱርክ ሆስፒታል ደግሞ ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ያዋልዱ ነበር። በመከር ወራት የጦር ባለሥልጣናት የኦፕራሲዮን ዕቃ ወደዚያ እንዳይገባ ከለከሉ፤ የበሻይር ቀዶ ሕክምናም ቆመ። ጎዝ ሆይ፣ ከዚህ በላይ ምን ሹመት ይሰጥሽ? ኬላ ላይ እንደ ጥይት ተፈርተሽ ታገድሽ።