ድምፁ ደረሰ፤ ቃሉስ? የያና ሞሚና «አፋር ዌይስ» ከአፋርኛ ቃል ግጥም አንጻር ሲመዘን

መግቢያ

መቀመጫውን በአውሮፓ ያደረገው ግሊተርቢት የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2022 «አፋር ዌይስ» በሚል ርእስ የያና ሞሚናን አልበም አወጣ። ያና ሞሚና እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለዱ፣ የሚዘፍኑትን ራሳቸው የሚገጥሙ የጅቡቲ አፋር ድምፃዊት ናቸው። ስማቸው ከአገራቸው ውጭ በስፋት የተሰማው በዚህ አልበም አማካይነት ነው። የቀዳቸው አሜሪካዊው ኢያን ብሬናን ነው። ብሬናን ቀደም ሲል የቱዋሬጎቹን ቡድን የቲናሪወንን «ታሲሊ» አዘጋጅቶ ነበር፤ ያም አልበም የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

አልበሙ በሙዚቃ ተቺዎች ዘንድ የተመሰገነው በአብዛኛው ስለ ድምፁ ነው። የክልሉን ቋንቋዎች የሚያጠና ባለሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። አንዲት ድምፃዊት በደራሲነታቸው ለዓለም ሲተዋወቁ፣ የደረሱት ቃል እንዴት ቀረበ? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አልበሙ ለድምፃቸው የታመነውን ያህል ለቃላቸው አልታመነም የሚል ነው። ጉድለቱ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየውም በዘፈኖቹ ርእሶች ላይ ነው።

1. በጅቡቲ ከተማ «ነጻ ድምፃዊ» መሆን

ያና ሞሚናን ነጻ ድምፃዊት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት የጅቡቲ ከተማን የሙዚቃ ሥርዐት ማስታወስ ያስፈልጋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ሙዚቃ በአመዛኙ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ዘ ዳንሲንግ ዴቭልስ ኦቭ ጅቡቲ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው ግሩፕ አር.ቴ.ዴ. የብሔራዊው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት የሙዚቃ ቡድን ነው። በ2021 የቆዩ ቅጂዎቹ በአልበም የወጡለት ካትር ማርስ ደግሞ የገዢው ፓርቲ ቡድን ነበር፤ ስሙም ፓርቲው የተመሠረተበትን ዕለት፣ የካቲት ማብቂያ ላይ የሚውለውን ማርች 4 ያስታውሳል። የብሔራዊው ድርጅት ቤተ መዛግብት በሺዎች የሚቆጠሩ የሶማልኛና የአፋርኛ ዘፈኖችን በቴፕ ጠብቆ ያኖራል።

ይህ ሥርዐት ብዙ ሥራ ከመጥፋት አድኗል፤ የዘፈን መንገድ ግን በተቋም በኩል እንዲያልፍ አድርጓል። ከዚህም ጋር በከተማዋ የጎላው የሶማልኛ ዘፈን የራሱ የሥራ ክፍፍል አለው፤ ግጥሙን የሚገጥመው፣ ዜማውን የሚያወጣው፣ በድምፁ የሚጫወተው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ያለ ቡድንና ያለ ተቋም፣ በሣር ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው የራሳቸውን ቃል በራሳቸው ዜማ የሚሉ ሴት በእርግጥም ከተለመደው መንገድ የወጡ ናቸው።

ብሬናን የመረጠው አቀዳድም ለዚህ አቋም የሚስማማ ነው። ድምፁ በቦታው፣ በአንድ ጊዜ ጨዋታ፣ ኋላ ሌላ ሳይደረብበት ተቀድቷል። አጃቢው ጥቂት ስለ ሆነ የድምፃዊቷ ንዝረት፣ የትንፋሿ መቆሚያና የሐረጉ ማለቂያ ለጆሮ ግልጽ ናቸው። ሥነ ቃልን የሚያጠና ሰው ከታላላቅ ቡድኖች ቅጂ በብርቱ ድካም የሚያገኘውን ነገር ይህ ቅጂ ያለ ድካም ይሰጠዋል። ይህ የአልበሙ ትልቅ ብቃት ነውና ቀጥሎ የሚነሣው ነቀፋ ሊጋርደው አይገባም።

2. ደራሲት እና ገጣሚት

አልበሙ ሲተዋወቅ ተደጋግሞ የተነገረው የራሳቸውን ዘፈን የሚደርሱ የአፋር ሴቶች ብርቅ መሆናቸው ነው። አባባሉ ጥንቃቄ ይሻል። በየትኛውም የቃል ባህል ሴቶች እሹሩሩ ይላሉ፤ ሙሽራ ይሸኛሉ፤ ሙት ያለቅሳሉ፤ በሥራ ላይ ያንጎራጉራሉ። በአማርኛ የአልቃሾችን ግጥም ማሰብ ይበቃል። ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይኖራል፤ የገጠመችው ሴት ስም ግን ከለቅሶው ድንኳን ጋር ይፈርሳል። ስለዚህ ብርቁ ነገር የሴት መግጠም ሳይሆን የገጣሚዋ ስም ከግጥሙ ጋር ተያይዞ መቆየቱ ነው።

የአፋር ቃል ግጥም ጥናትም ይህን ሚዛን በከፊል ያሳያል። የፈረንሳዩ ሊቅ ዲዲየ ሞረን እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ጥናት ያተኮረው በጊኒሊ፣ ማለትም ሟርተኛም ገጣሚም ተዋጊም በሆነው ሰው ላይ ነው። በ1997 ስለ አፋር ባህላዊ ግጥም ያሳተመው መጽሐፍም የዘርፉ ዋና መሠረት ሆኗል። ጊኒሊ በሕዝብ ፊት፣ በጭፈራው ክበብ መካከል የሚናገር ነውና ስሙ ይታወሳል። የቤትንና የትዳርን ነገር የምትገጥም ሴት እንዲህ ያለ አደባባይ የላትም። የያና ሞሚና አልበም ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ የቤቱን ነገር ከነገጣሚዋ ስም አደባባይ አወጣው። ይህ ከሆነ ግን የአደባባዩ ቋንቋ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ የግድ ይከተላል።

3. ርእሶቹ ምን ይላሉ? ምንስ ያስቀራሉ?

በዲጂታል መደብር አልበሙን የሚያገኝ አድማጭ በቅድሚያ የሚያየው ርእሶቹን ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው። የአልበሙ ስም ራሱ በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ያሰማል። «አፋር» የሕዝቡ ስም ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን በዚያው አጻጻፍ «ከሩቅ» የሚል ትርጉም አለው። ርእሱ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው «የአፋር መንገዶች» እና «የሩቅ መንገዶች» የሚል ቅኔ ይሆንለታል። የቅኔው ወርቅ ግን አፋርኛ ተናጋሪው የማያውቀው፣ ራሱንም ሩቅ የሚያደርግ ነው። አልበሙ የወጣበት ተከታታይ «የተሰወሩ ሙዚቃዎች» መባሉም ከዚሁ ይቆጠራል። ብሔራዊው ሬዲዮ ለዐሥርት ዓመታት በአፋርኛ ሲያሰራጭ በኖረበት አገር፣ የአፋርኛ ዘፈን የተሰወረው ከማን ነው?

ከስያሜው ይልቅ የሚከብደው የትርጉሙ ጉዳይ ነው። አንዱ ዘፈን በእንግሊዝኛ «አህያ አይሰማም» የሚል ይዘት ያለው ርእስ አለው። የእንግሊዝኛው ስም ጾታ የለውም። አፋርኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ስምን በጾታ ይለያል፤ ግሡም ይከተለዋል። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ወዲያው «አህያው አይሰማም» ወይም «አህያዋ አትሰማም» ብሎ መምረጥ ይገደዳል። በሌሎቹ ርእሶች ወዳጅ፣ ባልና ቤተሰብ በሚነሡበት አልበም ውስጥ ምርጫው ቀላል አይደለም፤ አህያ የሰው ምሳሌ ሊሆን ይችላልና፣ የማይሰማው ወንዱ ነው ወይስ ሴቷ? አፋርኛ አድማጭ መልሱን ከመጀመሪያው ቃል ያገኘዋል። የርእሱ አንባቢ ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ከባድ ነው። በእንግሊዝኛ የቀረበው ርእስ፣ ቤተሰቧ የምትወደውን እንዳታገባ ስለ ከለከላትና አጎቷን ለማግባት ስለ ተገደደች ሴት ይናገራል። የባዕድ አድማጭ ከዚህ የሚረዳው አንድ አሰቃቂ ነገር ነው። ነገር ግን አፋሮች ሙስሊሞች ናቸው፤ የአባት ወይም የእናት ወንድም በእስልምና ሕግ ሊያገቡት የማይፈቀድ ዘመድ ነው። በአፋር ዘንድ የታወቀው ሥርዐት አብሱማ ሲሆን፣ ወንዱ በተለይ የአባቱን እኅት ልጅ እንዲያገባ መብት ይሰጠዋል። ይህ ከልጅቱ ወገን ሲታይ የእናቷን ወንድም ልጅ ማግባት ይሆናል፤ የምትዳረው ወደ አጎቷ ቤት ነው። እንግዲህ በእንግሊዝኛ «አጎት» የተባለው በአፋርኛው ማን ነው? አጎቱ ራሱ፣ የአጎቱ ልጅ፣ ወይስ በዘመድ አቆጣጠር አጎት ተብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው? አማርኛም እዚህ ላይ አይረዳም፤ «አጎት» የአባትንም የእናትንም ወንድም በአንድ ቃል ይጠራልና። መልሱ ያለው በአንዲት የአፋርኛ የዝምድና ቃል ውስጥ ነው።

ይህ የሥነ ልሳን ሰው ጥቃቅን ፍለጋ አይደለም። ዘፈኑ አቤቱታ ከሆነ፣ አቤቱታው የቀረበበት ሰውና ሥርዐት በትክክል መታወቅ አለበት። አብሱማን የሚከስ ግጥም በሕዝቡ መካከል የሚካሄድ የቆየ ክርክር ተካፋይ ነው፤ ባለቤቷም ማኅበራዊ ተቺ ናት። ያው ግጥም «አጎቷን እንድታገባ የተገደደች» ሲባል የባዕድ አገር ጉድ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤቷም ከተቺነት ወደ ተጎጂነት ትወርዳለች።

4. ቃናና ፊደል

ቃሉ መጻፍ አለበት ሲባል የአጻጻፉ ሥርዐት አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ዲሚስና ሬዶ በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት የአፋር ምሁራን በ1970ዎቹ መልክ ያስያዙት «ዐፋር ፌራ» የላቲን ፊደላትን ለቋንቋው ድምፆች አመቻችቷል። «ኪው» የተባለው ፊደል የዐይንን የጉሮሮ ድምፅ፣ «ሲ» የሐመሩን ሐ፣ «ኤክስ» ደግሞ ምላስ ወደ ኋላ ታጥፎ የሚወጣውን ዸ ይወክላሉ። የሕዝቡ ስም በዚህ ሥርዐት የሚጀምረው በኪው ነው። የአልበሙ ርእስ ይህን የመጀመሪያ ድምፅ ጥሎታል። በእርግጥ የአማርኛ ጸሐፊም «አፋር» ሲል ይጥለዋል፤ ልዩነቱ ግን ዐይኑ ዛሬም በፊደል ገበታው ላይ ተቀምጦ የሚጠቀምበትን መጠበቁ ነው።

የፊደል ጉዳይ ከቃና ጉዳይ ጋር ይያያዛል። ኢኒድ ፓርከርና ሪቻርድ ሄይዋርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ለንደን ላይ ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ለአጥኚዎች እንዳመቻቸው፣ በአፋርኛ ከፍተኛ ቃና የሚያርፍበት ቦታ ጾታን ሊለይ ይችላል። «ባዻ» የሚለው ቃል ቃናው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲያርፍ ወንድ ልጅ፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ ሴት ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቋንቋ የሚዘፍን ሰው በየሐረጉ በዜማውና በቃናው መካከል ይደራደራል። ዜማው ሲወርድ ቃናው ቢወጣ የትኛው ይረታል? የሐረግ መጨረሻ በንዝረት ሲሳብ ጾታው ከምን ይታወቃል? አጃቢው የሳሳው፣ ድምፁ የጎላው ይህ ቅጂ ለእንዲህ ያለው ጥናት ተመራጭ ነው። ከቅጂው ጎን ቃናው የተመለከተበት የአፋርኛ ጽሑፍ ሲቆም ነው ጥናቱ የሚጀምረው።

መደምደሚያ

«አፋር ዌይስ» የአንዲት አረጋዊት ገጣሚት ድምፅ ሳይቀባባ እንዲደርስ አድርጓል፤ ያለ እርሱ ይህ ትችት እንኳ ባልተጻፈ ነበር። ሆኖም ድምፅን በታማኝነት መቅዳትና ቃልን በታማኝነት ማቅረብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የድምፅ ባለሙያውን ይመለከታል። ሁለተኛው የሚመለከተው የጅቡቲን የቋንቋዎች ተቋም፣ በሰመራም ሆነ በአስመራ አፋርኛን የሚያስተምሩትንና የዚህን ሰነድ አንባቢዎች ነው። ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይፋዊ ቋንቋ በሆኑበት አገር አፋርኛ ከኖረባቸው ቤቶች አንዱ ዘፈን ነው።

ሥራውም ሩቅ አይደለም። እያንዳንዱ ዘፈን በዐፋር ፌራ ይጻፍ፤ ቃናው ይመልከት፤ የዝምድናና የጾታ ቃላቱ በማስታወሻ ይብራሩ፤ ርእሱም አስቀድሞ ገጣሚዋ በምትጠራበት ቃል ይሰየም። ያን ጊዜ አህያው ወንድ ይሁን ሴት፣ አጎቱም ማን እንደ ሆነ ከራሷ ከባለቤቷ አንደበት ይታወቃል።