ቋጠሮ የሌለው ቀለበት

በሞላሌ ብርድ ዘንባባ አይበቅልም። ከተማዋ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና፣ የሆሳዕናው ቅጠል ከቆላ ተጭኖ ነው ወደ መንዝ የሚወጣው። ሲደርስ ጫፍ ጫፉ ጠውልጓል። ለእጅ ሥራው ግን እንዲያውም ይሻላል፤ ረገብ ያለ ቅጠል ሲታጠፍ አይሰበርም።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አንድ ልጅ ቀለበት ሲሠራ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዝንጣፊው አንድ ቅጠል መዘዘ። ቅጠሉ በመሃሉ እንደታጠፈ ያደገ ነው፤ በእጥፋቱ ላይ ጠንካራ አጥንት አለው። ልጁ ከአጥንቱ ጎን በጥፍሩ ሰነጠቀና እስከ ጫፍ ድረስ ላጠው። አጥንቱ ተጣለ። ከጫማ ማሰሪያ የሚቀጥኑ ሁለት ጥብጣቦች ቀሩ።

አንደኛውን በጠቋሚ ጣቱ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመ። ሁለተኛውን ከጥምጥሙ ሥር አግድም አሾለከ። አሁን አራት ጫፎች አሉ፦ ላይ፣ ታች፣ ግራና ቀኝ። የላይኛውን ወደ ታች አጠፈ። የቀኙን በእሱ ላይ፣ የታችኛውን በቀኙ ላይ አሳለፈ። የግራው በታችኛው ላይ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው እጥፋት በተወው ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ከዚያ አራቱንም ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ሳበ። መሃል ላይ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ አራት ማዕዘን ቀረ። ጫፎቹን እኩል ሲቆርጣቸው መስቀል ሆነ።

ቋጠሮ የለውም፤ ሙጫም የለውም። አንዱ ጫፍ ሌላውን ይዞታል፣ የመጨረሻው የመጀመሪያውን። አስቸጋሪው መሳቡ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ይኮማተራል። እርጥብ ሳለ አለልክ የተሳበው ይሰነጠቃል፤ የላላው ደግሞ በማግሥቱ ይፈታል። ልኩን ልጁ በቃል አላስረዳኝም፤ «እንዲህ ነው» ብሎ ሁለተኛ ሠራልኝ። የእኔ ሙከራ ሰኞ ጠዋት ተፈትቶ ከኪሴ ወጣ።

የሳምንቱ ሥርዓትም በዚሁ ዓይነት የተያያዘ ነው። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሰዎች ጸሎቱ በሆሳዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ አስቀድሞ ይደርሳል። ፍትሐቱ የሚደርስለት ሰው ምናልባት የዘንባባ ቀለበቱን አድርጎ ከሕዝቡ መካከል ቆሟል።

ቀኑን የሚያወጣውን ባሕረ ሐሳብንም ከዚህ ለይቼ አላየውም። የ2017ን ፋሲካ እንውሰድ። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ይቀነሳል፤ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1 ይሆናል። 11 በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ያልሞላ ከሆነ ቆጣሪው ተሳስቷልና ወደ ላይ ይመለሳል። መጥቅዑ የዋለበት መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው፤ 29 እና 4፣ 33። ከ30 በላይ የተረፈው 3 ጾመ ነነዌን በየካቲት 3 ያውላል። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይሆናል። ለዚህ ሁሉ አሥር ጣት ይበቃል።

የሰሙነ ሕማማቱ ዓርብ የስግደት ቀን ነው። ማምሻውን ምእመናን ተራ በተራ ወደ ካህኑ ይቀርባሉ፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ ቸብ አድርጎ የሚሰግዱትን ቁጥር ይነግራቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ቀጤማ ያድላሉ። የኖኅን ርግብና የጥፋት ውኃውን መጉደል የሚያስታውስ ነው። የቀጤማ ግንድ ሦስት ማዕዘን አለው፤ በሁለት ጣት መካከል ሲንከባለል ጠርዞቹ ይታወቃሉ። ለራስ የሚሆነው ቀጭኑ ነው። ወፍራሙን በቁመቱ ለሁለት ይሰነጥቁታል፤ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ ልል ነው። በግንባር ዙሪያ አዙረው ከኋላ ያስሩታል። እዚህ ቋጠሮ አለ፣ ያውም አንድ ብቻ። ቀጤማው የሚያገለግለው እስከ ፋሲካ ሌሊት ነውና ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ሌሊቱ ብርድ ነው። ሰዉ ባናውን ደርቦ ይቆማል። ባና የመንዝ በግ ጠጉር ነው፦ በእንዝርት የተፈተለ፣ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ተሸምኖ ጎን ለጎን የተሰፋ። ቀለም አልነካውም፤ ቡናማው የበጉ ቡናማ፣ ጥቁሩም የበጉ ጥቁር ነው። የአጠገቤ ሰውዬ ባና ስፌቱ በትከሻው መሃል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጨለማው ውስጥ ያ ስፌት የታየኝ በጧፍ ብርሃን ነው። ጧፍ ሰም የጠጣ የጥጥ ፈትል ነው፤ ከእርሳስ ይቀጥናል። ፈትሉ እኩል ካልተፈተለ ነበልባሉ ያዘነብላል፣ ሰሙም በአንድ ወገን ይወርዳል። የሰውዬው ጧፍ ቀጥ ብሎ ነደደ።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሕዝቡ ሲወጣ ልጁን በር ላይ አገኘሁት። ቀጤማው ከራሱ ወርዶ አንገቱ ላይ ነው። የዘንባባው ቀለበት ግን እጣቱ ላይ አለ። አረንጓዴው ሄዶ ገለባ መስሏል፤ ጠበብም ብሏል። ጧፉን አስጠግቼ አየሁት። አራቱ እጥፋቶች እንዳሉ ናቸው።