መለከት በጥናትና በጽሑፍ

ስለ መለከት የሚደረግ ጥናት ከሁሉ አስቀድሞ ከስሙ ጋር መታገል ይኖርበታል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የኢያሪኮን ቅጥር የዞሩት ካህናት «ቀንደ መለከት» ይዘዋል፤ በዮሐንስ ራእይ ሰባቱ መላእክት የሚነፉትም መለከት ይባላል። የነገሥታቱ አጃቢ የነበረው መለከት ግን ቀንድ ሳይሆን የጣት ቀዳዳ የሌለው፣ ቆዳ የለበሰ ረጅም ቱቦ ነው። ማይክል ፓውን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ መለከትንና እምቢልታን ለየብቻ ማስተዋወቁ ስለዚህ ቀላል ውለታ አይደለም። እምቢልታ የዋሽንት ወገን ነው፤ የመለከት ድምፅ ግን ከነፊው ከንፈር መርገብገብ ይወለዳል። ይህን ልዩነት የዘነጉ ጸሐፍት ሁለቱንም «ጥሩምባ» ብለው አልፈዋል።

የፓውን መጽሐፍ እንደ ስሙ መግቢያ ነው። ከመሣሪያው ወደ ነፊው የሚሻገር ጥናት ከተፈለገ አንኮበር ተገቢ መነሻ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ሳለች፣ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ያየውን በሦስት ቅጽ ጽፏል። የእንግዳ ብዕር ግን የሰልፉን ግርማ ይስላል እንጂ ለዜማው ምስክር ሊሆን አይበቃም።

በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲወርድ መለከትን ይጠሩ የነበሩት የቤተ መንግሥት ሥርዓቶች አብረው ቀሩ። ነፊው ከንፈሩን እንዴት እንደሚያጠብ፣ እስትንፋሱን የት እንደሚቆጥብ፣ ባልንጀራው መቼ እንደሚቀበለው በሙዚየም ከተቀመጠ ቱቦ ማወቅ አይቻልም።